የጸሎት እሁድ ማግስት

ቻርም፣ ኦሃዮ
ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 16

ለእህቴ ለሳሎማ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽ ሩዲስ፣ ላሞቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትናንት ደህና ዝናብ ጣለ፤ በቆሎው ግን ገና አልደረሰም። ይህን የምትጽፍልኝ እንደ ወትሮው ምራቴ ሊዲያን ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፤ ስለዚህ ፊደሉ ቢያምርብሽ እኔን አታመስግኚ።

አስቀድሜ የጠየቅሽኝን ልመልስ። አልተሠራልኝም። የዓይን ሞራው እንዳለ ነው፣ ይዤው ሄጄ ይዤው ተመለስኩ። ትናንት ጠዋት ጎረቤታችን ዱዌይን በመኪናው አደረሰኝ። አስተኙኝ፣ ዓይኔ ላይ ጠብታ ጨመሩ፣ ከዚያ ነርሷ ክንዴን አስራ ነፋችው። ቁጥሩን አየች። ደግማ ነፋችው። ቀጥላ ሌላ ሰው ጠራች። ግፊትዎ መቶ ዘጠና አልፏል፣ በዚህ ላይ ዓይን አይነካም አሉኝ። አንድ ክኒን ጨምረውልኝ ለኦክቶበር 13 ቀጠሩኝ። ዓይን ሐኪሙ እኛ ዘንድ የሚመጣው በየሁለት ሳምንቱ ሰኞ ብቻ ነው፣ ወረፋውም ብዙ ነው።

መድኃኒትህን በሥርዓት ትወስዳለህ ወይ ላልሽው፣ ሊዲያን የጠዋቱን ለጠዋት፣ የማታውን ለማታ በትንሿ ሳጥን ከፋፍላ ታስቀምጥልኛለች። ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ነው የሚያድረው።

(እኔ ሊዲያን ነኝ፣ አክስቴ ሳሎማ። እውነታቸውን ነው፤ የምሞላው እኔ ነኝ፣ አንድም ክኒን ተርፎ አይቼ አላውቅም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ባለፈው ሳምንት የፈረስ ዕቃ ሲሰፉ ወስፌውን አውራ ጣታቸው ውስጥ ከተቱት። ጠፍሩንና ጣታቸውን መለየት አቅቷቸዋል። ባለቤቴ ዓይናቸው በዚህ በረዶ ወራት ካልተሠራ የስፌት ሱቃቸውን እንዘጋዋለን ብሏል፤ እሳቸውም ሰምተዋል፣ እንዳልሰሙ ሆነው ነው የሚውሉት።)

ሊዲያን ከላይ ምን እንደጨመረች አላውቅም። ብቻ ብዕሩ ብዙ ሲጫጫር ሰምቻለሁ።

ወዳጄን አሞንን ጠይቀሻል። ኤፕሪል ላይ፣ ያን ሰኞ ጠዋት ጋጣው ውስጥ ከወደቀ ወዲህ አንደበቱ አልተመለሰም። ቀኝ እጁም እንደዚያው ነው። ሚስቱ ፋኒ እንደ ሕፃን ነው የምታጎርሰው። ዕድሜያችንን ሙሉ በጸሎት አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ነበር የምንቀመጠው። አሁን መዝሙር ሳስጀምር በቀኜ የማውቀው ድምፅ የለም፣ ጎዶሎ ይሆንብኛል።

ወንድምሽ ኢኖስ


ካሽተን፣ ዊስኮንሲን
ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 25

ወንድም ዓለም ኢኖስ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ ለሊዲያንም ለልጆቹም። ላሞቹ ደህና ናቸው። ሩዲም እንደ ላሞቹ ነው፤ ከበላ ደህና ነው።

በመዘግየቴ ይቅርታ። ዝም ብዬ አይደለም የዘገየሁት፣ ስመራመር ነው። ከከተማ ያቺን ክንድ የምታንቅ በባትሪ የምትሠራ መሣሪያ ገዛሁ። ለአንተም አንዷን በፖስታ ልኬልሃለሁ፣ ሊዲያን ትለካህ። ወይ ጉድ ኢኖስ! እኔ የደም ግፊት እንደ ቁመት አንዴ የተሰጠ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ እንደ ዶሮ ነው፣ ሲወጣ ሲገባ ነው የሚውለው። ሩዲን ከቁርስ በፊት ለካሁት፣ ከቁርስ በኋላ ለካሁት፣ ላሟ ከረገጠችው በኋላ ለካሁት። የመጨረሻውን ብታይ! አሁን እኔን መሣሪያ ይዤ ሲያየኝ በጓሮ በር ይወጣል።

የአንተ ግን አልገባኝም። ነገር ካልገባኝ እህል እንደማይወርድልኝ ታውቃለህ። ልጆች ሆነን የአባባን ሰዓት የፈታታሁት እኔ፣ የተገረፍከው አንተ፤ ያኔም ቢሆን ለማወቅ ብዬ ነው እንጂ ክፋት አልነበረብኝም።

የጠረጠርኩት ዱዌይንን ነው። ሰውየው መኪና ሲነዳ እንዴት ነው? እኔ ባለፈው ዓመት ስመጣ የነዳኝ ሰው ድልድዩ ላይ ሲደርስ ነፍሴ ወጥታ ተመልሳለች። በቀጠሮህ ቀን መኪናው ውስጥ ሳትገባ ሊዲያን ትለካህ። ሌላ ቀንም ትለካህና ጻፍልኝ።

ለአሞን ሰላም በልልኝ። ባይመልስም ይሰማል።

እህትህ ሳሎማ


ቻርም፣ ኦሃዮ
ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ለእህቴ፣

መሣሪያሽ ደረሰ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ልጆቹ ድመቷን ሊለኩ ሲሉ ሊዲያን ደረሰችባቸው።

ስለ ዱዌይን የተሳሳትሽ ይመስለኛል። ሰውየው ቀብር እንደሚሸኝ ሰው ነው የሚነዳው። የእኛው የአሚሾቹ የፈረስ ጋሪ ይቀድመናል።

ትናንት ሰኞ ሊዲያን ለካችኝ። ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? መቶ አምስት። አሁን ደግሞ ወረደ! ባለፈው ሐሙስ ከሥራ በርጩማዬ ስነሳ መሬቱ ወደ እኔ ሲመጣ ታየኝ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የፈረስ አንገትጌ ይዤ ቆምኩ። ወደቀ ብሎ የጻፈልሽ ሰው ካለ ዋሽቷል፤ አልወደቅኩም፣ ተደገፍኩ እንጂ።

(አክስቴ፣ ወድቀዋል። አንገትጌውን ይዘው ነው የወደቁት።)

ከፍ ሲል ክኒን ይጨምራሉ፣ ሲጨምሩ እዞራለሁ። ነርሷ ያኔ እናንተ አሚሾች ጨው ትወዳላችሁ ብላ ተቆጥታኝ ነበር። ያን ስለነገርኳት ሊዲያን የጨው ዕቃውን ከገበታ ካነሳች ሰነበተች። ድንቹ የወረቀት ጣዕም አለው።

መዝሙሩን ግን አሁንም የማስጀምረው እኔ ነኝ። ለዚያ ዓይን አያስፈልግም፣ በቃሌ ነው።

ኢኖስ


ቻርም፣ ኦሃዮ
ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ለእህቴ፣

አጭር ነው፣ አትቀየሚኝ። ትናንትም መለሱኝ። እንዳልሽው መኪናው ውስጥ ሳልገባ ሊዲያን ለክታኝ ነበር፤ ገና ከቤት ሳልወጣ መቶ ሰማንያ ስምንት ነበርኩ። ስለዚህ ዱዌይንን ይቅርታ ጠይቂው።

አንድ ክኒን ጨመሩ። ሦስተኛው ቀጠሮ ኖቬምበር 24 ሰኞ ነው። ያን ቀንም ከፍ ካለ ወረፋዬ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ እኔም እስከሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ እጠብቃለሁ። ልጄ ይህን ሰምቶ ወደ ጋጣው ሄደ። ማታ ግን የሱቁን የስፌት መኪና የሚገዛ ሰው ማን እንደሆነ ለሊዲያን ሲነግራት ሰማሁ። ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።

እሷ ይህን ስትጽፍ እያለቀሰች ነው። እኔ አላለቅስም። አሞንን አስባለሁ። እሱ እንኳ ዓይኑ ደህና ነበር።

ኢኖስ


ካሽተን፣ ዊስኮንሲን
ሰኞ፣ ኦክቶበር 20

ወንድም ዓለም፣

ደብዳቤህን ሳነብ የራሴን ለካሁ፤ የደረሰበትን አልነግርህም።

እሺ፣ ዱዌይን ንጹሕ ነው። አሁን ስማኝ፣ ነገሩ ሽታው እየመጣልኝ ነው። ባለፈው ዓመት እናንተ ጋ የመጣሁ ጊዜ ትዝ ይልሃል? እኛ ጸሎት በምናደርግበት ሳምንት እናንተ ታርፋላችሁ፣ እናንተ በምታደርጉበት እኛ እናርፋለን። በዚህ ምክንያት በተከታታይ ሁለት እሁድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ወገቤ ተቆረጠ። በዚያ ሒሳብ ቆጠርኩት። ሴፕቴምበር ላይ የመለሱህ፣ ከጸሎት እሁድ ማግስት ነው። አሁን የመለሱህም ከጸሎት እሁድ ማግስት ነው። ያ የወረድክበት ሰኞ ደግሞ ጸሎት የሌለበት እሁድ ማግስት! ዓይን ሐኪሙም በየሁለት ሳምንቱ፣ ጸሎቱም በየሁለት ሳምንቱ፤ ሁልጊዜ ክፉ ቀንህ ላይ ነው የሚያገኝህ።

የእግዚአብሔር ቃል ግፊት ይጨምራል ብዬ አላምንም፤ የሰባኪያችን ድምፅ ካልሆነ በቀር። ስለዚህ የቀረው ምሳው ነው። ከጸሎት በኋላ የሚቀርበውን አስበው፦ ቋሊማ፣ አይብ፣ ጨው ውስጥ የከረመ ኪያር፣ ቀይ ሥር፣ የኦቾሎኒ ቅቤ። ነርሷ ጨው ያለችው እሱን ነው! አንተ ደግሞ ኪያር ላይ እጅህ አያርፍም፣ አውቅሃለሁ። በመጪው እሁድ ዳቦና የፖም ማርማላታ ብቻ ብላ። ሰኞ ተለካና ጻፍልኝ።

ሌላ አንድ ጥያቄ ጀርባው ላይ ጽፌልሃለሁ። እሱንም መልስ።

ሳሎማ


ቻርም፣ ኦሃዮ
ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 28

ለእህቴ፣

እንዳልሽው አደረግኩ። ጸሎቱ በተራው እነ ኧርቪን ቤት ነበር፣ ረዘም ብሎም ነበር። ከዚያ ገበታው ሲቀርብ ቋሊማው በፊቴ አለፈ፣ አይቡ አለፈ፣ ኪያሩ አለፈ። እኔ ደረቅ ዳቦ ይዤ ተቀመጥኩ። እኩያዬ ሌቪ አጠገቤ ነበር፤ ኢኖስ ምን በድለህ ነው ንስሐ የገባኸው አለኝ። ሁሉም ሳቁብኝ።

ትናንት ጠዋት ሊዲያን ለካችኝ። መቶ ሰማንያ አራት።

ስለዚህ ኪያሩም ንጹሕ ነው፣ እኔም ያለ ጥፋቴ ተራብኩ። ሳሎማ፣ ስለደከምሽልኝ አመሰግናለሁ፤ አሁን ግን ተይው። ሰው ያረጃል፣ ዓይንም ያረጃል። አንዳንድ ነገር ምክንያት የለውም።

ጀርባው ላይ ለጻፍሽው መልሱ፦ ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ነው የሚያድረው።

በረዶ ሊጥል ነው መሰለኝ፣ ጉልበቴ ነገረኝ።

ኢኖስ


ካሽተን፣ ዊስኮንሲን
ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

ለሊዲያን፣

ልጄ፣ ይህ ደብዳቤ ለአንቺ ነው። የምታነቢለት አንቺ ስለሆንሽ፣ አንቺን አልፌ ወደ እሱ የምደርስበት መንገድ የለኝም። እንግዲህ በግልጽ ልናገር፣ አንቺም ሳትሸማቀቂ አንብቢለት።

አንተ ኢኖስ። ሳጥኑ ባዶ ነው አልክ። መጀመሪያ ጠየቅኩህ፣ ሳጥኑ ባዶ ነው አልክ። ቀጥዬ ጀርባው ላይ "የጸሎት ቀን ክኒኑን ትውጣለህ ወይ?" ብዬ ጠየቅኩህ፤ ሳጥኑ ባዶ ነው አልክ። እኔ ስለ ሳጥኑ አልጠየቅኩህም። ውጬዋለሁ የሚል ቃል ካንተ አፍ እስካሁን አልወጣም። መዋሸት እንደማትችል ከልጅነትህ አውቃለሁ፤ አባባ ሰዓቱን ማን ፈታው ሲልህም ዝም ነው ያልከው እንጂ አልዋሸህም። አሁንም ዝም እያልክ ነው፤ የተማርካት ነገር ቢኖር ዝምታህን በሳጥን መሸፈን ናት።

ለምን ዝም እንዳልክም ገባኝ። ምራትህ ብዕር ይዛ ፊት ለፊትህ ተቀምጣለች። ለምራት የማይነገር ነገር አለ።

ሊዲያን፣ ይህን ስትጨርሺ ያንን ወፍራም የአናጢ እርሳስና ሰፊ ወረቀት ስጪው። ከዚያ ውጪና ዶሮዎቹን እዪ። ቆይተሽ እዪ። ፊደሉ የጎተራ በር ቢያክልም ግድ የለም። ወረቀቱን ራሱ አጥፎ ፖስታው ውስጥ ይክተት።

ኢኖስ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ እህትህ ነኝ፤ ሽንት ጨርቅህን የቀየርኩ እኔ ነኝ። ካንተ የማላውቀው ምን አለኝ?

ሳሎማ


ቅዳሜ

ሳሎማ

በራሴ እጅ ነው

የጸሎት እሁድ አልውጥም። ከቅዳሜ ማታው ጀምሮ

አንዱ ክኒን ሽንት ያመጣል። የትኛው እንደሆነ አላውቅም ስለዚህ ሁሉንም እተዋለሁ

ጸሎቱ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። እኔ መዝሙር መሪ ነኝ። ፊት አግዳሚ ላይ ነኝ። በሴቶቹ መካከል አልፌ መውጣት አለብኝ

ሕፃን ይወጣል። እናት ትወጣለች። ሽማግሌ ሲወጣ አላየሁም

ክኒኖቹ ሱቅ ውስጥ የሪቬት ምስማር ማሰሮ ውስጥ ናቸው። ሊዲያን አታውቅም

አፈርኩ

ኢኖስ


ካሽተን፣ ዊስኮንሲን
ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

ወንድም ዓለም፣

መጀመሪያ ሳቅኩ። ይቅር በለኝ፣ ሳቅኩ። ሩዲ ምን ነካሽ አለኝ፣ አልነገርኩትም። ከዚያ ወረቀትህን እንደገና ሳየው፣ ያ "አፈርኩ" ያልከው እንደ ልጅ ፊደል ተጣሞ ሲታየኝ፣ አለቀስኩ።

መንገድ ዳር ካለው ስልክ ቤት ወደ ከተማችን ፋርማሲ ደውዬ ጠየቅኩ። ስምህን አልጠራሁም፤ አንድ የማውቀው ግትር ሰው አለ ብቻ ነው ያልኳት። ሴትዮዋ እንዲህ አለችኝ፤ አንዳንድ የግፊት ክኒን አለ፣ በድንገት ሲቋረጥ ግፊቱ ተቆጥቶ ነው የሚመለሰው፣ ከበፊቱም ይብሳል። ነርሷ ደግሞ አለመዋጥህን ስለማታውቅ መድኃኒቱ አልበቃውም ብላ ትጨምራለች። ሳምንቱን ሙሉ የተጨመረውን ሁሉ ስትውጥ ትወርድና ትዞራለህ፤ የጸሎት ዋዜማ ስትተወው ትወጣለህ። ኢኖስ፣ ይኼው ነው! ዱዌይንም ኪያሩም እኔ ያማኋቸው ሁሉ ንጹሐን ናቸው። ደስ አለኝ ብልህ ትቀየማለህ? ነገሩ ስለገባኝ ደስ አለኝ። አንተ ደግሞ አንዳንድ ነገር ምክንያት የለውም ብለህ ነበር።

አሁን ግን ደስታው ይቅርና ስማኝ። ሴትዮዋ ሌላም ነገር ተናግራለች፤ በዚህ ጨዋታ ዓይን ብቻ አይደለም የሚታጣው ብላለች። አሞን ትዝ አለኝ።

ስለዚህ ለነርሷ ንገራት። ወጣት ሴት ናት፣ አፍራለሁ እንደምትል አውቃለሁ፤ ሽንት የማይሸና ሰው አይታ የምታውቅ አይመስለኝም። እስከዚያ ደግሞ አንዲትም እንዳታስቀር። ከመጣብህ ተነስተህ ውጣ። ለፈረስ ዕቃ የሚያብለጨልጭ ዘለበት ትዕቢት ነው ብለህ ለደንበኛ እንቢ የምትል ሰው፣ ፊኛህ ላይ ነው የምትኮራው? ያ መዝሙር መሪነት ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ሰው ምን ይለኛል እያልክ ዓይንህን ልትሸጥ ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አንተ ልቀቅ።

እወድሃለሁ፤ ሊዲያን ካነበበችውም ታንብበው።

ሳሎማ


ቻርም፣ ኦሃዮ
ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 2

እህት ዓለም፣

ፊደሌን እዪው። መስመሩን ይዞ እየሄደ ነው አይደል? የምጽፈው እኔ ነኝ። ሊዲያን ዳቦ እየጋገረች ነው፣ አጠገቤ ማንም የለም። ቀኝ ዓይኔ ተሠራ። ግራው ከገና በኋላ ነው። ሳሎማ፣ የጋጣው በር ቀይ ነው! ቡናማ ነው ብዬ፣ ልጄን አልቀባኸውም እያልኩ ስነቅፈው ነበር የከረምኩት። ሊዲያንም ሸብታለች፤ ይህን አልነገርኳትም።

የዘገየሁት ለዓይኔ እረፍት ስለተባለ ነው። አሁን በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

ለነርሷ ሳልነግራት ቀረሁ። መጀመሪያ ተቆጪኝ፣ ከዚያ ቀጥዪ። ስልክ ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ እሷ ስታነሳው አፌ ተያያዘ፤ ስለ ቀጠሮው ሰዓት ጠይቄ ዘጋሁት። ክኒኑን ግን ዋጥኩ። የቅዳሜ ማታውን ዋጥኩ፣ የእሁድ ጠዋቱንም ሊዲያን እያየችኝ ዋጥኩ። ለእሷ ደግሞ ቀድሜ ነግሬያት ነበር፤ የሪቬት ማሰሮውን ሳሳያት አፏን በሽርጧ ይዛ ወጣች። ስቃም ይሁን አልቅሳ አላወቅኩም።

ጸሎቱ እነ ሌቪ ቤት ነበር። መዝሙሩን አስጀመርኩ፣ ሁለተኛውንም ጨረስን። የመጀመሪያው ስብከት እንደ ምንም አለፈ። ትልቁ ስብከት ሲጀመር ግን ክኒኑ ሥራውን ጀመረ። ጥርሴን ነከስኩ። ላብ መጣ። ያንን ደብዳቤሽን አሰብኩ፣ ያንን የዘለበቱን ነገር። ሰባኪው ስለ ሎጥ ሚስት እየተናገረ ነበር። እኔም ወደ ኋላ ሳላይ ተነሳሁ።

ቤቱ ጸጥ ያለ መሰለኝ። በሴቶቹ አግዳሚ መካከል ሳልፍ ጫማዬ ሲንቋቋ ለእኔ እንደ ደወል ነበር። በሩን ከፍቼ ወጣሁ፣ በረዶው ላይ ወደ ጓሮ ሄድኩ። በጣም አፍሬ ነበር፣ እውነቱን ልንገርሽ። ይህ የመጨረሻው መዝሙሬ ነው፣ ከእንግዲህ ለሌላ ይሰጡታል ብዬ አሰብኩ።

ከኋላዬ በሩ እንደገና ተከፈተ። ሌቪ ነው። ባርኔጣውን ይዞ፣ በረዶው ላይ እየተንሸራተተ፣ ሊሮጥ ምንም አልቀረውም። ከእሱ ኋላ ኧርቪን። ከኧርቪን ኋላ ያ ከዋልነት ክሪክ የመጣው እንግዳ ሽማግሌ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው። ከጎተራው ጀርባ ተሰልፈን ቆምን። ማንም ማንንም አላየም። በኋላ ሌቪ ሱሪውን እያስተካከለ፣

"አንተ ሰው፣ ዛሬ ምን ነካህ?" አለኝ።

የግፊት ክኒን ነው አልኩት። አፍጥጦ አየኝ። እሱም አለው። ኧርቪንም አለው። ሁለቱም በጸሎት እሁድ አይውጡትም። ምነው ታዲያ ተነስታችሁ የማትወጡት ብላቸው ሌቪ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?

"መዝሙር መሪው ተቀምጦ እኛ እንዴት እንነሳ?"

ሳሎማ፣ እኔ እነሱን አይቼ ነበር የምቀመጠው። እነሱ ደግሞ እኔን አይተው።

ሰኞ ዱዌይን አደረሰኝ፤ ሬዲዮውን እንኳ አላስዘጋሁትም። ነርሷ ለካችኝ፣ ደግማ ለካችኝ፣ ወርዶ ስታገኘው ዛሬ ምን ተገኘ አለች። ያን ጊዜ ነገርኳት። ግድግዳውን እያየሁ ነው የነገርኳት። ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን አቆመችና ሌሎችም እንዲህ ያደርጋሉ ወይ አለችኝ። ሌቪንና ኧርቪንን አልጠራሁም፤ አዎ ብቻ ነው ያልኩት። ጭማሪውን ክኒን ቀነሰችልኝ። አንዱ ፈጽሞ አይቋረጥም፤ ሽንት የሚያመጣውን ግን በጸሎት ቀን ከምሳ በኋላ ይውጡት አለችኝ። ይኼው ነው። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ያኔ በሴፕቴምበር ያልቅ ነበር። ልጄ የስፌት መኪናውን ለሚገዛው ሰው አይሸጥም ብሎት መጣ፤ ዛሬ ጠዋት አንድ ልጓም ሰፋሁ፣ ጣቴም በቦታው አለ።

አሁን የመጨረሻውን ልንገርሽ፣ በቤታችን ስለዚህ ነገር ከሊዲያን በቀር ለማንም አላወራሁም።

ዓይኔ ሲፈታ መጀመሪያ የምጎበኘው ሰው አሞን ይሁን ብዬ ሐሙስ ዕለት ሄድኩ። ምድጃው አጠገብ ወንበሩ ላይ ነበር። ፋኒ ወተት ልታልብ ወጥታ ስለነበር ብቻችንን ነበርን። ሁሉንም ነገርኩት፣ የማሰሮውንም፣ ሌቪ በበረዶ ላይ መሮጡንም። ሳቀ። ያ የተጣመመ አፉ ተከፍቶ ድምፅ ሳይኖረው ሳቀ፤ እንባው ወረደ። እኔም አብሬው ሳቅኩ።

ከዚያ ሳቁን አቆመና በግራ እጁ ግድግዳውን ጠቆመኝ። የእሁድ ሰደርያው እዚያ ተሰቅሏል። ከኤፕሪል ወዲህ አልተለበሰም። ባርኔጣህን ላምጣልህ አልኩት፤ ራሱን ነቀነቀ። ሰደርያውን? አዎ አለ በዓይኑ። አምጥቼ ጉልበቱ ላይ አደረግኩለት። ኪሱን ዳበሰ፣ እጁ አልገባለትም። እኔ እጄን ከተትኩ።

ክኒኖች ናቸው። መሐረብ ውስጥ ተቋጥረው።

ያ ሰኞ የጸሎት እሁድ ማግስት ነበር ሳሎማ። አጠገቤ ነበር የተቀመጠው። እኔ ስላልተነሳሁ አልተነሳም። ያመጣበት ይህ ይሁን አይሁን እግዚአብሔር ያውቃል፤ ነርሷን ደውዬ ብጠይቃት እርግጠኛ መሆን አይቻልም አለችኝ። አሞን ግን ግራ እጁን ክንዴ ላይ ጫነ፣ አጥብቆ ያዘኝ፤ ሊወቅሰኝ አይደለም፣ ሲያየኝ ገባኝ። አለቀስኩ። ፋኒ ስትገባ መሐረቡን አየችው፤ ምንድን ነው አለችኝ፣ ነገርኳት።

መጪው እሁድ ጸሎቱ እኛ ቤት ነው። ከቤት ቤት የሚዞሩት አግዳሚዎች ዓርብ ይመጣሉ። እነ ሌቪ አሞንን ተሸክመው ሊያመጡት ተስማምተዋል፣ በቀኜ ይቀመጣል። ሽንት የሚያመጣውን ክኒን ከምሳ በኋላ ነው የምውጠው፣ ስለዚህ እኔን አያስቸኩለኝም። ቢሆንም ትልቁ ስብከት ሲጋመስ እነሳለሁ። በሴቶቹ መካከል ቀስ ብዬ፣ ጫማዬ እየተንቋቋ አልፋለሁ፤ ከዚያ በሩን ለሚከተለኝ ክፍት እተወዋለሁ።

ከእንግዲህ በየጸሎቱ እንዲሁ ነው። ቢመጣብኝም ባይመጣብኝም፣ ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ።

ወንድምሽ ኢኖስ